ሽፋኑ ላይ «4ኬ እድሳት» መጻፉ ይበቃል? የጣሊያን ክላሲክ ፊልሞችን በዲስክ ለሚሰበስቡ ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን አዲስ አበባ ሆነው የጣሊያን ክላሲክ ፊልሞችን በብሉ ሬይ መሰብሰብ ጀምረዋል፤ ዲስኮቹን እህታቸው ከቨርጂኒያ ትልክላቸዋለች። የሰርጂዮ ሊዮኔን «ዘ ጉድ፣ ዘ ባድ ኤንድ ዚ አግሊ» በሁለት እትም አግኝተው ሲያስተያዩ አንዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢጫ ሆነባቸው፤ በሌላው ደግሞ የተዋንያኑ ፊት ሰም የተቀባ መሰላቸው። የትኛውን ልያዝ? ሽፋኑ ላይ «4ኬ እድሳት» ከተባለ ጥራቱ ተረጋገጠ ማለት ነው? ጥሩውን ትራንስፈር (ከፊልም ወደ ዲስክ የተደረገውን ግልበጣ) ከመጥፎው በምን ልለይ? ይላሉ።

ከሁለቱ አንዱን የግድ መምረጥ ካለብዎ ቢጫውን ይያዙ። የቢጫው ቀለም ተዛብቷል እንጂ ካሜራው ያየው ነገር ውስጡ አለ፤ የካባው ድር፣ የፊቱ ሽብሽብ፣ ላቡና አቧራው አልጠፋም። ሰም የመሰለው ግን በሶፍትዌር ተፍቋል። የተፋቀ ዝርዝር ደግሞ በየትኛውም ቲቪ፣ በየትኛውም ማስተካከያ አይመለስም። ደግነቱ ከሁለቱም የሚሻል እትም አለ። ሰም የመሰለው እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው መሆን አለበት (ዓመቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፤ ቢጫው የ2014ቱ ሲሆን፣ ቦሎኛ የሚገኘው ሊማጂኔ ሪትሮቫታ ላቦራቶሪ በ4ኬ ያደሰው ነው። የአሜሪካው አሳታሚ ኪኖ ሎርበር በ2017 ከዚያው እድሳት ተነስቶ ቢጫውን ቀንሶ አወጣው፤ በ2021 ደግሞ በ4ኬ ዲስክ አሳተመው። የሚፈልጉት የመጨረሻውን ነው።

ይህን ፊልም ሲገዙ የርዝመቱንም ነገር ይመልከቱ። ከጣሊያን ውጭ በሲኒማ ቤት የታየው 161 ደቂቃ ገደማ ነው። 179 ደቂቃ የሚለው በ2003 የተቀጠለው ነው፤ ለተጨመሩት ትዕይንቶች ክሊንት ኢስትዉድና ኢላይ ዋላክ ከአርባ ዓመት ግድም በኋላ በእንግሊዝኛ ድምፃቸውን ሰጥተዋል። ሊ ቫን ክሊፍ ግን በ1989 ሞቶ ስለነበር የሱን ድምፅ ሌላ ሰው ነው የተናገረው። በእርጅና የሻከረ ድምፅ ከወጣት አፍ ሲወጣ ከሰሙ ዲስኩ ተበላሽቶ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። «4ኬ» የሚለው ቃል ስካነሩ ፊልሙን በስንት ነጥብ እንዳነበበው ብቻ ነው የሚነግርዎት። ምን እንዳነበበ፣ ቀለሙን ማን እንዳረመው፣ ዲስክ ላይ ሲገባ ምን ያህል እንደተጨመቀ አይነግርዎትም። እኔ ክብደት የምሰጠው ለመጀመሪያው ነው፤ የተነበበው ምንድን ነው? ካሜራው ውስጥ የነበረው ኔጌቲቭ የመጀመሪያው ትውልድ ነው። ከሱ ኢንተርፖዚቲቭ ይታተማል፣ ከዚያ ኢንተርኔጌቲቭ፣ ከዚያ ለሲኒማ ቤት የሚላከው ኮፒ። በየእርከኑ ጥራት ይቀንሳል፣ ጥቁሩ እየደፈነ ነጩ እየነጣ ይሄዳል። ለሲኒማ ቤት ከተላከ ኮፒ የተነሳ የ4ኬ ስካን ከካሜራው ኔጌቲቭ ከተነሳ የ2ኬ ስካን ያንሳል። ስለዚህ ከሽፋኑ ጀርባ «ከኦሪጂናል ካሜራ ኔጌቲቭ» የሚለውን፣ በጣሊያን እትም ላይ ደግሞ «ኔጋቲቮ ኦሪጂናሌ» የሚለውን ይፈልጉ። «ከተገኘው ምርጥ ቅጂ» ብሎ የሚያልፍ ከሆነ ኔጌቲቩን አላገኙትም ማለት ነው።

ሽፋኑ ዝም ካለ ፊልሙ ራሱ ይናገራል። የመክፈቻ ስሞቹን ይዩ። የጣሊያን ፊልም ሆኖ ስሞቹ በፈረንሳይኛ ወይም በእንግሊዝኛ ከተጻፉ፣ የተነሳው ለውጭ ገበያ ከተዘጋጀ ኮፒ ሳይሆን አይቀርም። በየሪሉ መጨረሻ ላይ በቀኝ በኩል ከላይ ለአፍታ ብቅ የሚል ክብ ምልክት ካዩ ደግሞ፣ ያ ለማሽን ኦፕሬተሩ የሚደረግ ምልክት ስለሆነ ለሲኒማ ቤት የታሰበ ኮፒ መሆኑን ይጠርጥሩ። በተቃራኒው አንዱ ትዕይንት ወደ ሌላው እየሟሟ ሲሻገር፣ ወይም ምስል ላይ ጽሑፍ ሲያርፍ ምስሉ ድንገት ቢፈዝና የፊልሙ ቅንጣት ቢወፍር አይደንግጡ። በዚያ ዘመን እነዚህ በኦፕቲካል ፕሪንተር (ከአንድ ፊልም ወደ ሌላ ፊልም ምስል በሚያነሳ ማሽን) እንደገና ይታተሙ ስለነበር ኔጌቲቩ ውስጥ ራሱ የሁለተኛ ትውልድ ምስል ሆነው ነው የገቡት። ሽግግሩ ሲያልቅ ምስሉ ጥርት ብሎ ከተመለሰ እንዲያውም ስካኑ ከኔጌቲቩ ለመሆኑ ጥሩ ማስረጃ ነው።

የተቀረጸበትን ፎርማት ሳያውቁ ዲስክ አይፍረዱ። የጣሊያኑ ቴክኒከለር በ1960ዎቹ ያስፋፋው ቴክኒስኮፕ ለአንድ ፍሬም፣ በፊልሙ ጠርዝ ከተደረደሩት ቀዳዳዎች ከተለመደው አራት ይልቅ የሁለት ቀዳዳ ቁመት ብቻ ይጠቀም ነበር። የፊልም ወጪው በግማሽ ይቀንሳል፣ ምስሉን በጎን የሚጨምቀው አናሞርፊክ ሌንስም አያስፈልግም፤ በምትኩ ፍሬሙ ግማሽ ስለሆነ ስክሪን ላይ ሲሰፋ ግሬን የሚባለው የፊልሙ ቅንጣት ይጎላል። የሊዮኔ የካውቦይ ፊልሞች በዚህ ነው የተቀረጹት። የቴክኒስኮፕ ፊልም በብሉ ሬይ ላይ መስታወት መስሎ ከታየዎት የሆነ ሰው ፍቆታል። ሌላው ጫፍ ቴክኒራማ ነው፤ ፊልሙ ካሜራው ውስጥ በአግድም ሄዶ አንዱ ፍሬም ስምንት ቀዳዳ ይይዛል። ቪስኮንቲ በ1963 የካንን ፓልም ዶር ያገኘበት «ኢል ጋቶፓርዶ» በዚህ ስለተቀረጸ ቅንጣቱ ረቂቅ፣ ርቀት ላይ ያለው ኮረብታ ሳይቀር ጥርት ያለ መሆን አለበት። ሁለቱን ፊልሞች በአንድ መስፈሪያ መስፈር ፍትሕ አይደለም።

ጥቁርና ነጩ ዘመን የራሱ ጣጣ አለው። የሮሴሊኒ «ሮማ፣ ቺታ አፐርታ» (1945) ከዚህም ከዚያም በተለቀመ ቁርጥራጭ ፊልም ተቀረጸ ሲባል ኖሯል። በ1990ዎቹ የሮሙ የፊልም ማኅደር ቺኔቴካ ናዚዮናሌ ኔጌቲቩን ሲመረምር ግን ሦስት ዓይነት ፊልም ብቻ ነው የተገኘው፤ ለደጁ ፌራኒያ ሲ6፣ ለቤት ውስጡ ሁለት ዓይነት አግፋ። ብርሃኑ ከፍ ዝቅ የሚለው በጦርነቱ ማግስት የኬሚካል እጥበቱ ጉድለት ስለነበረበት ነው። እድሳት ይህን ያለሰልሳል እንጂ አያጠፋውም፤ ጨርሶ ካጠፋውም ሌላ ነገር አብሮ አጥፍቷል። ስለ ጥቁርና ነጭ ዲስኮች አንድ ጠቃሚ ነገር ልጨምር፦ ግራጫው ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ሰማያዊ ካዘነበለብዎ ቲቪው ላይ የቀለም መጠኑን ዜሮ ያድርጉት። ከተስተካከለ ጥፋቱ ዲስኩ ላይ የገባ ቀለም ነው። ካልተስተካከለ የቲቪዎ ነጭ ሚዛን ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የቀለም ፍርድ ነው። ከ1950ዎቹ እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ የታተሙት የኢስትማን ከለር ኮፒዎች ሰማያዊ አረንጓዴው ቀለማቸው ቶሎ ስለሚጠፋ ወደ ሮዝ ይሄዳሉ፤ ስለዚህ «ሲኒማ ቤት ያየሁት እንዲህ ነበር» የሚል ምስክርነት፣ ኮፒው አርጅቶ ከነበረ አይረዳም። የቴክኒከለር የቀለም ማስተላለፊያ ኮፒ ግን ስለማይደበዝዝ አዳሾች ሲያገኙት እንደ መመሪያ ይጠቀሙበታል። ከዚህ ሌላ ያለው መመሪያ የካሜራ ባለሙያው ራሱ ነው። የዳሪዮ አርጀንቶን «ሱስፒሪያ» (1977) የቀረጸው ሉቺያኖ ቶቮሊ የአሳታሚውን የሲናፕስ ፊልምስን እትም ቀለም አይቶ አጽድቋል፤ የ«ኢል ጋቶፓርዶ»ው ጁዜፔ ሮቱኖም ለአሜሪካው አሳታሚ ለክራይቴሪየን እትም እንዲሁ አድርጓል። የሊዮኔ ፊልም ሲታደስ ግን ሊዮኔ በ1989፣ የካሜራ ባለሙያው ቶኒኖ ዴሊ ኮሊም በ2005 አልፈው ነበር። ክርክሩ እስከዛሬ ያላለቀው በከፊል በዚህ ነው።

የባለሙያው ፊርማም ቢሆን ጭፍን እምነት አይጣልበትም። የካሜራ ባለሙያው ቪቶሪዮ ስቶራሮ ፊልሞች ሁሉ በ2.00፡1 ስፋት እንዲታዩ የሚል የራሱ አቋም ስላለው፣ የበርቶሉቺ «ዘ ላስት ኤምፐረር» በ2008 በክራይቴሪየን ሲወጣ በሲኒማ ቤት ከታየው 2.35፡1 ጎኑ ተቆርጦ ነው የወጣው። እዚህ ላይ እኔ ከሲኒማ ቤቱ ጋር ነኝ፤ ሰብሳቢ የሚያስቀምጠው ያኔ የታየውን ነው።

የቢጫውን ጉዳይ ቤትዎ እንዲህ ይመርምሩት። ነጭ ነገር የሚታይባቸውን ሦስት ቦታዎች ይምረጡ፤ አንዱ ቀትር ላይ ደጅ፣ አንዱ ቀን ቤት ውስጥ፣ አንዱ ማታ በሻማ ወይም በፋኖስ። የሸሚዝ አንገትጌ፣ የአልጋ አንሶላ፣ ወረቀት ይሆናል። ሻማው ዘንድ ነጩ ቢሞቅ የካሜራ ባለሙያው ሥራ ነው፤ በ«ኢል ጋቶፓርዶ» ረጅም የዳንስ ግብዣ ላይ ሞቅ ያለው ብርሃን እንደዚያ ነው። በሦስቱም ቦታ ነጩ እኩል ቢጫ ከሆነ፣ ሰማዩ ወደ አረንጓዴ ካጋደለ፣ ጥቁሩም ውስጥ ቢጫ ካለ ግን ፊልሙ በሙሉ በአንድ ቀለም ተነክሯል። በ2010ዎቹ ከቦሎኛው ላቦራቶሪ በወጡ ብዙ እድሳቶች ላይ ሰብሳቢዎች ይህንኑ አንስተዋል። የስካንና የጽዳት ሥራቸው ግን ከዓለም ምርጦቹ ተርታ ነው፤ ለዚህ ነው ቀለሙ ብቻ ሲታረም ውጤቱ የሚያምረው።

ምርመራ ከመጀመርዎ በፊት ቲቪዎን ያስተካክሉ፤ አለበለዚያ የሚፈርዱት በዲስኩ ላይ ሳይሆን በቲቪው ላይ ነው። የምስል ምርጫውን «ፊልምሜከር» ወይም «ሲኒማ» ላይ ያድርጉ፣ የቀለም ሙቀቱን «ዋርም 2» ላይ፣ ሻርፕነሱን ዜሮ ላይ (በአንዳንድ ቲቪዎች ገለልተኛው ቦታ መሀል ላይ ስለሆነ መመሪያውን ይዩ)፤ እንቅስቃሴ ማለስለሻውንና ኖይዝ (ምስል ላይ የሚበተን ነጠብጣብ) ማጥፊያውን ይዝጉ። የምስሉን ጠርዝ የሚቆርጠውን ኦቨርስካንም ያጥፉ፤ ስሙ ከቲቪ ቲቪ ይለያያል፣ «ጀስት ስካን» ወይም «ስክሪን ፊት» ይባላል። በ55 ኢንች ስክሪን ብሉ ሬይ ለመመርመር ሁለት ሜትር ላይ ይቀመጡ፤ ለ4ኬ ከአንድ ሜትር ብዙም አይራቁ። ከዚያ ከራቁ ልዩነቱን ዓይን አያየውም።

ከዚያ ለስላሳ ገጽ ያለበት ቦታ ላይ ያቁሙ፤ ሰማይ ወይም ግድግዳ። ፍሬም በፍሬም ወደፊት ይሂዱ። እውነተኛ ግሬን በየፍሬሙ ሙሉ በሙሉ ይለወጣል። ነጠብጣቡ ባለበት ቆሞ ምስሉ ብቻ ከሥሩ የሚንቀሳቀስ ከሆነ የስካነሩ ኤሌክትሮኒክ ኖይዝ ነው፤ በ2000ዎቹ በተሠሩ የጣሊያን ማስተሮች (ዲስክ የሚታተምባቸው ዋና ቅጂዎች) ላይ ይህ በብዛት ያጋጥማል፤ ሻጮች ግን «ተፈጥሯዊ ግሬን» ይሉታል። ምንም ነጠብጣብ ከሌለ ደግሞ ፊት ወደሚታይበት ቅርብ ምስል ይሂዱ። ተዋናዩ ጸጥ ሲል ቆዳው ጥርት ብሎ፣ ራሱን ሲያዞር የሚሟሟ ወይም ከኋላው ጥላ የሚጎትት ከሆነ ኖይዝ ማጥፊያው ፍሬሞችን እያደባለቀ ነው።

ቀጥሎ ጥቁር ነገር በብሩህ ሰማይ ፊት ያለበትን ይፈልጉ፤ በካውቦይ ፊልሞቹ የባርኔጣ ጠርዝ ከዚህ የተሻለ መፈተኛ የለውም። በጠርዙ ዙሪያ ቀጭን ነጭ መስመር ካለ ምስሉ በሰው ሠራሽ መንገድ ሻርፕ ተደርጓል። ፍቀው ስለታቱን ሲያጡት መልሰው በመስመር ያስሉታል፤ ስለዚህ ሰምና ነጭ መስመር ብዙ ጊዜ አብረው ነው የሚገኙት። ጥቁር ሱፍ ውስጥ የኮሌታው ስፌት ካልታየ ጥቁሩ ደፍኗል። በመጨረሻ ጭስ፣ ጭጋግ፣ የባሕር ውኃ ወይም ብዙ ሕዝብ ያለበትን ይዩ፤ አራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ከታየ ዲስኩ ላይ የገባው ከልክ በላይ ተጨምቆ ነው።

የመጨመቁን ነገር ሳይገዙም መገመት ይቻላል። ባለ አንድ ንብርብር ብሉ ሬይ 25 ጊጋባይት፣ ባለ ሁለቱ 50 ይይዛል። 185 ደቂቃ የሚረዝም ፊልም ሌላ ምንም ሳይጨመርበት 25 ላይ ቢሞላ በሰከንድ በአማካይ 18 ሜጋቢት ብቻ ይደርሰዋል፣ ድምፁን ጨምሮ። ግሬን ለበዛበት ፊልም ይህ ያንሳል፤ 50 ላይ ሲሆን 36 ይደርሳል። ሦስት ሰዓት የሚጠጋ ፊልም፣ ከሁለት ሰዓት ተጨማሪ ዶክመንተሪ ጋር በአንድ ዲስክ የሚል ሽፋን ካዩ ይጠንቀቁ። ብዙ ማጫወቻዎች ሪሞቱ ላይ «ዲስፕሌይ» ወይም «ኢንፎ» ሲጫኑ ፍጥነቱን ያሳያሉ።

በኢንተርኔት የሚለጠፉ ማነጻጸሪያ ፎቶዎች ጠቃሚ ናቸው፤ ነገር ግን ያው ፍሬም በሙሉ መጠኑ፣ በፒኤንጂ መሆን አለበት። ጄፔግ ግሬኑን ራሱ ይበላዋል። ከኤችዲአር (የብርሃንና የቀለም ስፋቱ ከተለመደው ከሚበልጥ) ዲስክ ተነስቶ በተራ ስክሪን በሚታይ ፎቶ ደግሞ ቀለም አይፈረድም፤ ፈዞ ወይም ጠቁሮ መታየቱ ከመለወጫው ሊሆን ይችላል።

ስለ ድምፅ፦ የዚያ ዘመን የጣሊያን ፊልሞች አብዛኞቹ ያለ ድምፅ ተቀርጸው ስቱዲዮ ውስጥ ነው ድምፅ የገባላቸው፤ ለጣሊያንኛውም ጭምር። አፍና ንግግር አለመግጠሙ የዲስክ ጥፋት አይደለም። የሚመርጡት ያልተነካካውን ሞኖ (ባለ አንድ ቻናሉን ድምፅ) ነው። 5.1 የሚለው ኋላ የተሠራ ባለ ብዙ ቻናል ቅንብር ነው፤ በሊዮኔ ፊልሞች ላይ የተኩሱ ድምፅ ሳይቀር ተለውጧል። ቀላል ሽሽታ ካለ ደስ ይበልዎ፤ ፍጹም ጸጥ ያለ ከሆነ «ስ» እና «ሽ» ላይ ያዳምጡ፣ ታፍነው ከሆነ ኖይዝ ማጥፊያው ንግግሩንም በልቶታል። የአውሮፓ ዲቪዲዎች ደግሞ 24 ፍሬሙን በ25 ስለሚያጫውቱ ፊልሙ አራት በመቶ ይፈጥናል፣ ድምፁም ይቀጥናል። 185 ደቂቃው 178 ገደማ ሆኖ ቢያዩት አልተቆረጠም።

እህትዎ ከመግዛቷ በፊት ይህን ትወቅ። ኢትዮጵያ በብሉ ሬይ ክልል ቢ፣ በዲቪዲ ደግሞ ክልል 5 ናት፤ አሜሪካ ኤ እና 1። ስለዚህ የክራይቴሪየን ብሉ ሬይ አዲስ አበባ ወይም ዱባይ በተገዛ ማጫወቻ አይከፈትም። ለሁሉም ክልል ክፍት ሆነው የሚታተሙም አሉ፤ ሽፋኑ ላይ «ኤ/ቢ/ሲ» ይላል። 4ኬ ዲስክ የክልል ቁልፍ የለውም፤ ነገር ግን በዚያው ሳጥን የሚመጣው ብሉ ሬይ ሊቆለፍ ይችላል፣ ተጨማሪ ዝግጅቶቹም ብዙ ጊዜ እሱ ላይ ናቸው። የዲቪዲ ክልል በብዙ ማጫወቻዎች በሪሞት ኮድ ይከፈታል፤ የብሉ ሬይ ግን ውስጡ የተለወጠ ማጫወቻ ይፈልጋል። ማጫወቻውም ከአሜሪካ የሚላክ ከሆነ ጀርባው ላይ 100–240 ቮልት የሚል መኖሩን ታረጋግጥ። 120 ብቻ የሚል ከሆነ በእኛ 220 ወዲያው ይቃጠላል፤ ቮልት ማውረጃ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል።

ሮም ወይም ሚላኖ ዘመድ ካለዎት የጣሊያን እትሞች ዋጋቸው ሊቀል ይችላል፤ ግን ብዙዎቹ የእንግሊዝኛ የግርጌ ጽሑፍ የላቸውም። «ሶቶቲቶሊ» ከሚለው ፊት የተጻፈው ጣሊያንኛ ብቻ ከሆነ ቋንቋውን ካልቻሉ ይተዉት።

ያገለገለ ሲገዙ ዲስኩን ገልብጠው በብርሃን ይዩ። በፋብሪካ የታተመ ዲስክ መሀል ቀዳዳው አካባቢ «አይኤፍፒአይ» የሚል ደቃቅ ጽሑፍና የፋብሪካ ቁጥር አለው። በቤት ወይም በሱቅ የተቀዳ ከሆነ የተጻፈበትና ያልተጻፈበት ቦታ በቀለበት ተለይቶ ይታያል። ሻጩ ፎቶ ሲልክልዎ የሽፋኑን ብቻ ሳይሆን የዲስኩን ጀርባም እንዲልክ ይጠይቁ፤ እምቢ ካለ ገንዘብዎን አይስጡት።